የበግ አገር ለማየት፦ ደብረ ብርሃን፣ መንዝ ወይስ አንኮበር?

ባለፈው ውጭ አገር የሚኖር አንድ ዘመዴ ቪዲዮ ላከልኝ። ደቡብ አርጀንቲና ጫፍ ላይ፣ ባሕሩ ዳር ያለ ታሪካዊ የበግ እርባታ ነው። ሐርበርተን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1886 የተመሠረተ ነው። ንፋሱ ከመበርታቱ የተነሳ ዛፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተጣመው አድገዋል። ሰው ይህን ለማየት ስንት አውሮፕላን እየቀየረ ይሄዳል። «እንዲህ ያለ ቦታ አይተህ ታውቃለህ?» ብሎ ጻፈልኝ።

ሳቄ መጣ። 1886 በእኛ 1879 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችበት ጊዜ። እኛ ጋ ደግሞ ከዚያ ብዙ ቀድሞ በግ ነበረ፣ ንፋስ ነበረ፣ በጉ የት እንደሚግጥና የት እንደማይግጥ የሚደነግግ ሕግ ሳይቀር ነበረ። የሌለን ባሕሩ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ጠዋት በማለዳ ከደብረ ብርሃን በስተሰሜን ያለው ጣርማ በር፣ የደጋው ጫፍ ላይ ቆማችሁ፣ ጉሙ ከእግራችሁ በታች እስከ ቆላው ድረስ ተኝቶ ብታዩት፣ ባሕር ነው ብላችሁ ትምላላችሁ።

ደብረ ብርሃን ተወልጄ ስላደግሁ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀው እኔን ነው። «በግ ያለበት፣ ብርድ ያለበት፣ ታሪክ ያለበት ቦታ ውሰደን» ይላሉ። ቀላል ይመስላል። ግን ሦስቱን በአንድ ቦታ እኩል አታገኙም፤ ሁለቱን ስታገኙ ሦስተኛው ይጎድላል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የትኛው እንደሚበልጥባችሁ ለራሳችሁ ቁረጡ።

አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ፣ ወይም ትልቅ ሰውና ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ፣ ደብረ ብርሃን። ሦስት ቀን ካላችሁና ብርዱን ከቻላችሁት መንዝ፣ እስከ ጓሳው የሣር አገር። ቤተ መንግሥትና ገደል የሚማርካችሁ ከሆነ፣ በጉም በመንገድ ላይ ካያችሁት ከበቃችሁ፣ አንኮበር። የእኔ ልብ የት እንዳለ ከታች ይገባችኋል፣ አልደብቅም።

አንድ ነገር ግን ከምርጫው ይቀድማል። መንገዱን ጠይቁ። በአካባቢያችን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሰላሙ አንድ ሳምንት ደህና፣ ሌላ ሳምንት ደግሞ ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ኢንተርኔት ላይ ያነበባችሁትን ትታችሁ፣ እዚያው የሚኖር ሰው ጋ በዚያው ሳምንት ደውላችሁ «መንገዱ እንዴት ነው?» በሉ። «ትንሽ ቆዩ» ካላችሁ ቆዩ። በጎቹ የትም አይሄዱም።

በጉ ራሱ

ሦስቱም ቦታ የምታዩት በግ በአብዛኛው አንድ ዘር ነው፣ የመንዝ በግ። ከሩቅ ስታዩት አነስ ያለ ነው። የቆላ በግ የለመደ ሰው «ይሄ ገና ጠቦት ነው?» ይላል፤ ሙሉ በግ ነው። ላቱ አጭርና ሰፊ ሆኖ ጫፉ ወደ ላይ ቀለስ ይላል። አውራው ቀንዳም ነው፣ እናቲቱ በአብዛኛው ቀንድ የላትም። ቀለሙ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ነጭ፣ ወይም የሁሉም ቅልቅል ነው። ዋናው ነገር ግን ጠጉሩ ነው። አብዛኛው የአገራችን በግ አጭር ጸጉር ሲሆን ይሄኛው ሻካራ ሱፍ ያበቅላል። ለሹራብ አይሆንም፣ ይዋጋል። ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ለዝተትና ለምንጣፍ ግን ከእሱ የሚስተካከል የለም። ድሮ ያ ጥቁሩ ካባ፣ በርኖስ፣ የሚሠራውም ከዚሁ ነበር።

ይህ በግ ብርዱን፣ የሣሩን ማነስና የሆድ ትሉን ችሎ የሚኖር ነው። ይህን የምለው የአገሬ በግ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ተመራማሪዎች የመንዝን በግ ከወለጋው የሆሮ በግ ጋር አንድ ላይ አርብተው፣ የትኛው ትሉን የበለጠ እንደሚቋቋም ለዓመታት ሲያጠኑ ነበር። ደጋው ላይ የመንዙ ይሻላል። ገበሬው ይህን ያለ ላብራቶሪም ያውቀዋል።

ደብረ ብርሃን፦ ቅርብ ናት፣ ግን ሰነፍ ጎብኚ ባዶ እጁን ይመለሳል

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት፣ በአስፋልት። በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖና በጫጫ አልፋችሁ ትደርሳላችሁ። ሸኖ ላይ ለጋ ቅቤ ሳይገዛ የሚያልፍ አለ ቢሉኝ አላምንም፤ ግን ስትመለሱ ግዙ፣ ስትሄዱ ከገዛችሁ መኪናው ውስጥ ቀልጦ ቀኑን ሙሉ ያስቸግራችኋል። ከተማዋ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ጠዋት ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። ከተማዋን የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። ሰማይ ላይ ብርሃን ታየና «ደብረ ብርሃን» ተባለች፤ አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

ከተማዋን እንዲሁ በመኪና ከዞራችኋት ግን ምንም አታዩም። ሆቴል፣ ባጃጅ፣ ፋብሪካ፣ ሌላ ሆቴል። ሰው «ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ ሲመለስ ስንቴ አይቻለሁ። ደብረ ብርሃን የሚታየው በገበያ ቀን ነው፣ በጠዋት፣ በእግር።

የበግ ተራው ላይ ቁሙና ሰው እንዴት እንደሚገዛ ተመልከቱ። ለእኔ ከቲያትር ይበልጣል። ገዢው መጀመሪያ አይናገርም። ዝም ብሎ ይጠጋል፣ የበጉን ወገብ በመዳፉ ይጫናል፤ አጥንቱ ከጎረበጠው ይተወዋል። ቀጥሎ ላቱን ከሥር መዘን መዘን ያደርጋል። ቀጥሎ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። ፊት ለፊት ሁለት ትልልቅ ጥርስ አውጥቶ እንደሆነ ዓመት አልፎታል፤ ሁሉም ጥቃቅን የወተት ጥርስ ከሆነ ገና ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው «ስንት አልከው?» የሚለው። ባለበጉ የተናገረው ዋጋ ላይ ገዢው ይስቃል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እኔ አንዴ ይህን ሁሉ የማውቅ መስዬ ጎንበስ ብዬ ወገቡን ስጫን፣ ባለቤቱ ሽማግሌ ቀስ ብለው «ልጄ፣ እሱ የተሸጠ ነው፤ የእኔ ያኛው ነው» አሉኝ። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ገዝቻቸው ነው የሄድኩት፣ ከሃፍረት የተነሳ፣ ያውም ሳልከራከር።

የመግዛት ሐሳብ ካላችሁ የፋሲካና የገና ሰሞን አትሂዱ። አዲስ አበቤ ነጋዴ መኪናውን ይዞ መጥቶ ይጠብቃችኋል። ለማየት ብቻ ከሆነ ግን በተቃራኒው ነው፣ ያኔ ነው ገበያው የሚደምቀው።

ከበግ ተራው ወደ ጠጉሩ ተሻገሩ። ባና የሚሸጡትን ጠይቃችሁ ፈልጉ። እኛ ቤት የእናቴ ባና አለ፣ ከእኔ ይበልጣል በዕድሜ፣ ከባድ ነው፣ ሌሊት ሲጫንባችሁ ሰው የተኛባችሁ ይመስላል፣ ግን ውርጩን አያሳልፍም። ጠጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ሸማኔው ይሠራዋል። ስትገዙ እጃችሁን አስገብታችሁ ፈትሹት፤ እጅ ላይ የሚዋጋ ከሆነ እውነተኛ ነው፣ እንደ ጥጥ ከለሰለሰ ግን ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል። ከተማዋ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተከፈተላትም በ1957 ዓ.ም. ነው። ብርዱ ገበያ ሆነላት።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚጠይቀኝ ልምጣ፣ ወደ መንግሥት የበግ ማርቢያ ጣቢያ። «ታሪካዊ የበግ እርባታ» ካላችሁ በእርግጥ ከአርጀንቲናው ጋር የሚመሳሰለው ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተጀመረ ሥራ ነው። ዓላማው ከውጭ የመጣ አውራ ከአገሩ በግ ጋር አዳቅሎ ለገበሬ ማከፋፈል ነበር። ኮሪዴል፣ ሮምኒ፣ ሃምሻየር የሚባሉ የነጭ አገር በጎች መጡ። ሥጋም ሱፍም የሚሰጡ ናቸው። ገበሬው ግን አልወደዳቸውም። ምክንያቱን ስትሰሙ ትስቁ ይሆናል፣ ግን ፍጹም ትክክል ነው፦ ላት የላቸውም። ላት የሌለውን በግ ማን ይገዛዋል? ለዓመት በዓል ላት የሌለው በግ ይዞ ቤቱ የሚገባ ሰው ከሚስቱ ጋር እንዴት ይስማማል? በኋላ አዋሲ የሚባለው ላታም በግ ከእስራኤል ሲመጣ ነው ነገሩ ትንሽ የተስተካከለው። እሱም ቢሆን ማኢዲ ቪስና የሚባል የሳንባ በሽታ በመንጋው ውስጥ ተገኝቶ ሥራውን አንገላቶታል።

እና መግባት ይቻላል? በር ላይ ደርሳችሁ «በግ ልናይ ነው» ብላችሁ አይደለም። እኔ እንዲህ አድርጌ ጥበቃው በትሕትና መልሶኛል፣ ሁለት እንግዳ ይዤ፣ በዝናብ። አስቀድሞ ደብዳቤ ጽፎ፣ ለምን እንደሚመጣ አስረድቶ፣ ቀን ተቀጥሮ ነው። ተማሪ፣ አርቢ ወይም የግብርና ሰው ከሆናችሁ ልፋቱ ይክሳል። ፎቶ ለማንሳት ብቻ ከሆነ ግን አትድከሙ፣ አጥር ውስጥ ያለ በግ ከሜዳው በግ አይበልጥም።

የሚበላው ላይ አልቆይም። ጥብሱ ጥሩ ነው፣ ቅቅሉ ይበልጣል፣ በተለይ ጠዋት። አረቄው ስሙ የወጣ ነው፤ ከፍታው ላይ ቶሎ ይመታል፣ መኪና የሚነዳ ሰው አይንካው።

መንዝ፦ ሩቅ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ እሱ ነው

ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ወጥታችሁ ጣርማ በር ትደርሳላችሁ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ እዚህ ነው። ዋናው መንገድ በዋሻው አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል፤ እናንተ ግን አትወርዱም፣ ከላይ ወደ መዘዞ አቅጣጫ ትታጠፋላችሁ፣ ከዚያም የደጋውን ጫፍ ይዛችሁ ወደ መሐል ሜዳ ትሄዳላችሁ። ጣርማ በር ላይ ግን ውረዱና ቁሙ። ንፋሱ ኮፍያ ይወስዳል። የአንዲት እንግዳዬን ነጠላ ወስዶ ገደል ውስጥ ከቶታል፣ ምናልባት አሁን አንድ ጭላዳ ለብሶታል።

ከዚህ በኋላ አገሩ ይለወጣል። ዛፍ ይጠፋል። ክብ የድንጋይ ቤቶች፣ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ በግ። ሌላ የለም። ነጭ ለባሽ እረኛ ልጅ ንፋሱን ጀርባውን ሰጥቶ ቁጭ ብሏል። እዚህ በግ ጌጥ አይደለም። በልግ ቀርቶ ገብሱ ያልያዘ ዓመት፣ ቤቱን የሚያኖረው በጉ ነው፤ የልጅ ደብተር፣ የግብር ገንዘብ፣ የታመመ ሰው ማሳከሚያ ሁሉ ከዚያ መንጋ ነው የሚወጣው። ስለዚህ «ስንት በግ አለህ?» ብላችሁ ገበሬውን አትጠይቁት። የባንክ ደብተርህን አሳየኝ እንደማለት ነው። «በጎቹ ደህና ናቸው?» በሉት፣ እሱ ራሱ ያወራላችኋል።

መንዝ ማለት በድሮው አከፋፈል ማማ፣ ላሎና ጌራ ነው። የምትሄዱት ወደ ጌራ ነው፣ ወደ ጓሳ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ፣ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን የሣር አገር ነው። ስሙ የሣሩ ስም ነው። ጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይሠራበታል። ነገሩ የሚያስደንቀው ግን ሣሩ እስከ ዛሬ እንዴት እንደቆየ ነው።

አስቦና ጌራ የሚባሉ አቅኚ አባቶች በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን መሬት ለይተው ለዘሮቻቸው የጋራ አደረጉት፣ ግን በሕግ። ሣሩ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል። ማንም አያጭድም፣ ማንም ከብት አያስገባም። ጠባቂ አለቃ ተመርጦ ይሾማል። ሲደርስ በአዋጅ ይከፈታል፣ ሰው ያጭዳል፣ ከብቱም በበጋው ይገባል፣ ዝናብ ሲመጣ ይወጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፣ ሣሩም ተጎዳ፣ በኋላ ግን ማኅበረሰቡ ራሱ በአዲስ መልክ መልሶ ያዘው። ዛሬም ቦታውን የሚያስተዳድረው የአካባቢው ሰው ነው፤ የምትከፍሉት የመግቢያና የማደሪያ ገንዘብ ለእሱ ነው። ዘመዴ በ1886 ተመሠረተ ብሎ በላከልኝ እርባታ ላይ የሳቅሁት ለዚህ ነው። የእኛው የግጦሽ ሕግ የዚያን ጊዜ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖት ነበር።

ጓሳ ውስጥ ጭላዳ በብዛት ታያላችሁ፣ በመቶ የሚቆጠር መንጋ ሆኖ ሣር ሲነጭ። ቀይ ቀበሮም አለ፣ ዕድል ከቀናችሁ ማለዳ ላይ። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 ያነሰ ነው የሚባለው ያ ቀበሮ ዋና ምግቡ አይጥ ነው። ከከተማ የመጣ ሰው ሁሉ «በጉን አይበላም?» ይላል። አልፎ አልፎ ግልገል ይነካል፤ እረኛው ግን የሚፈራው ጅብን ነው። አንድ እረኛ ጠይቄው «ቀበሮ አይጥ ነው የሚያየው፣ አንተን ራሱ አያይህም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ቀበሮው በአጠገባችን አልፎ ሄደ፣ ዞር ብሎም አላየን።

አስጎብኚ ከአካባቢው ያዙ። ለደንቡ ብቻ አይደለም፤ ጉም ሲወርድ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የራሳችሁን ጫማ አታዩም፣ ገደሉ ደግሞ ቅርብ ነው።

የመንዝን በግ ማሻሻል በተመለከተም እዚህ አንድ ጥሩ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2009 አካባቢ ጀምሮ በመሐል ሜዳና በሞላሌ ዙሪያ ያሉ አርቢዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው አውራውን ከራሳቸው መንጋ እየመረጡ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ የነጭ አገር በግ የለም። ግልገሎቹ ይመዘናሉ፣ ይመዘገባሉ፣ ከዚያ ገበሬዎቹ ተሰብስበው «ይሄ ይሁን» ብለው ጥሩውን አውራ በጋራ ያስቀራሉ። ድሮ እኮ ችግሩ ይሄ ነበር፦ ቶሎ የሚያድገው ጠቦት ቶሎ ይሸጣል፣ ደካማው ቀርቶ ያባዛል። መንዝ ስትሄዱ አስጎብኚያችሁን ጠይቁትና ከእነዚህ አርቢዎች አንዱ ቤት ቡና ጠጡ። ቆሎ ይቀርባል፣ ጠላ ይቀርባል። «ብሉ እንጂ» ሲሏችሁ እጃችሁን አትሰብስቡ። ስትወጡ ለልጆቹ ደብተርና እስክርቢቶ ብትተዉ ከብር ይሻላል፤ ብሩን ከሰጣችሁም ለእናትዬው ስጡ፣ ለልጅ አትስጡ።

አመድ ጓያ የሚባል ሌላ የበግ ማርቢያ ጣቢያም መንዝ ውስጥ አለ። ስለ መግቢያው ከላይ ያልኩት እዚህም ይሠራል፣ ደብዳቤ።

ጉዳቱስ? መንገዱ ያደክማል። ከአዲስ አበባ ጓሳ ወደ 265 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን ከጣርማ በር በኋላ ያለው ኪሎ ሜትር እንደ አስፋልቱ አይቆጠርም። ክረምት ላይ አትሞክሩት። ማደሪያው ቀላል ነው፣ ሙቅ ሻወር እያለማችሁ አትሂዱ። ሌሊቱ ከኅዳር እስከ ጥር ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጠዋት ስትነሱ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ሁሉም ነገር ይጨሳል። ይህን አንዴ ያየ ሰው ብርዱን ይረሳዋል። ያው እስከ ማታ ነው እንጂ።

አንኮበር፦ ታሪኩ ይበልጣል፣ በጉ ያንሳል

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ወደ ምሥራቅ። ቀን ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። መንገዱ መጀመሪያ በሜዳማው ደጋ ነው የሚሄደው፣ እና እውነት ለመናገር በግ የምታዩት በዚህ ላይ ነው፣ መኪና አስቁማችሁ። ጫፉ ላይ ስትደርሱ ምድሩ ያልቅና ከታች የአፋር ቆላ ይታያል።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እንግሊዛዊውን መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስን እ.ኤ.አ. በ1841 የተቀበሉት እዚህ አካባቢ ነው። ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት እዚሁ ነበሩ። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ አሁን ሎጅ አለ፤ አልጋው ከጓሳ ጋር አይወዳደርም፣ እጅግ ይሻላል። ግን ደረጃው ብዙ ነው፣ ጉልበታቸው የሚያማቸውን እናት ይዛችሁ ከሆነ አስቡበት። እኔ እናቴን ወስጄ ግማሽ ላይ ተቀምጣ «ምኒልክም ለዚህ ነው ጥለውት የሄዱት» ብላለች።

ወፍ የሚወድ ሰው ካለ ግን ክርክር የለም፣ አንኮበር ነው። በዓለም ላይ በጥቂት የኢትዮጵያ ደጋ ቦታዎች ብቻ የምትገኝ ትንሽዬ ወፍ በአንኮበር ስም ተሰይማለች፣ የታወቀችውም እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ወፍ ዋሻ ጫካም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ለበግ ብቻ የመጣ ሰው ግን አንኮበር ላይ ቅር ይለዋል። ባናውም፣ የበግ ተራውም፣ መንጋውም ሌላው ቦታ ይበልጣል።

ታዲያ እንዴት ይደረግ?

ሁለቱን ማጣመር ትችላላችሁ፣ ሦስቱን ግን አታጣምሩ። አርብ ማታ ደብረ ብርሃን ግቡ፣ ቅዳሜ ጠዋት ገበያውን እዩ፣ ከሰዓት አንኮበር ሂዳችሁ እደሩ፣ እሁድ ተመለሱ። ይህ ለልጆችም ይሆናል። ወይም ደግሞ ደብረ ብርሃንን ማደሪያ ብቻ አድርጋችሁ በሌሊት ተነሱና መንዝ ሁለት ሌሊት እደሩ። በሦስት ቀን ሁሉንም አያለሁ ያለ ሰው መኪና ውስጥ ነው የሚከርመው፤ አንድ ጓደኛዬ እንዲህ አድርጎ ከጉዞው የሚያስታውሰው የሾፌሩን ካሴት ብቻ ነው።

ጊዜው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ቢሆን ደስ ይላል፣ አረንጓዴው ገና አልጠፋም፣ ውርጩም ገና አልከፋም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ብርዱ ግን ያው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቤታችሁ ተቀመጡ።

ልብስ ላይ ሁሉም ሰው ይሳሳታል። ቀኑን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ፊታችሁ ይላጣል፤ ስለዚህ ኮፍያና ቅባት። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ጋቢ ብቻውን አይበቃም። ጋቢ፣ ከውስጥ ሹራብ፣ ሁለት ካልሲ። ጫማችሁ የሚያንሸራትት አይሁን።

እረኛ ልጅ ፎቶ ስታነሱ ጠይቁት። አብዛኛው እሺ ይላል፣ አንዳንዱ ግን ኮስተር ብሎ በጎቹን ይነዳል፤ ተዉት። መንጋውን በመኪና ጥሩንባ አትበትኑ። አንድ በግ ገደል ከገባ የአንድ ቤት ዓመት በዓል ነው የገባው።

ዘመዴ ይህን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ ለጥር እመጣለሁ ብሏል። ጓሳን መርጧል። አርጀንቲና ለመሄድ የገዛው፣ ንፋስ አያስገባም የሚሉት ጃኬት እንዳለው በፎቶ አሳይቶኛል። ቀጭን ነው። እሺ ብዬዋለሁ፤ ግን የእናቴን ባና መኪናው ኋላ ጭኜለት ነው የምሄደው።